መሬት አይቸኩልም፦ የከርሰ ምድር ሙቀት ለሚያጠና ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ የከርሰ ምድር ሙቀት ልውውጥ ልታጠና መሆኑን እናትህ ስትነግረኝ ደስታዬ ትልቅ ነበር። ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለእኛ እንግዳ ቤት አይደለም። በ1950ዎቹ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም መምህራን ልኮ ያገዘው ይኸው ቤት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ)። የምድር ሙቀት ፓምፕ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ1987 የተመሠረተው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የሙያው ምንጭ አጠገብ ነህ ማለት ነው። አእምሮህ ፈጣን ነው፣ ለሥራም አትሰንፍም፤ ግን የፊተኛውን ሳትጨርስ ወደ ኋለኛው የመዝለል አመል አለህ። ስለዚህ በሥራ ዘመኔ ያየሁትን ቁጥር ሰጥቼ ጽፌልሃለሁ። ሳትዘል አንብበው።

1. ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ ጉድጓድ አትንደፍ። ለአገራችን ሰው የከርሰ ምድር ሙቀት ሲባል የሚታየው አሉቶ ላንጋኖ ነው፤ ከጥልቅ ወጥቶ ተርባይን የሚያዞር እንፋሎት። ያንተ ትምህርት ሌላ ነው። አንተ የምትሠራው ከ100 እስከ 200 ሜትር ባለው፣ ሲነኩት ቀዝቃዛ በሆነ ተራ አለት ውስጥ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ከምድር ሆድ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት በአንድ ካሬ ሜትር 0.065 ዋት ገደማ ብቻ ነው። 500 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ አስላው፤ 32 ዋት ይሆናል፣ አንዲት የድሮ አምፖል እንኳን በወጉ አያበራም። በብርድ አገር ያለ አንድ ቤት ግን በከፋው ቀን 8 ወይም 10 ኪሎዋት ይፈልጋል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ከተጠራቀመው ነው። ፀሐይ ለዘመናት ያሞቀችው አለት ሙቀቱን ይዞ ተቀምጧል፤ አንተ ከዚያ ላይ ትበደራለህ። መሬቱን እንደ ጎተራ ቁጠረው፤ ከሥር የሚጨመርለት በእፍኝ ነው፣ አንተ የምትቀዳው በቁና ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ጉድጓዱን የማይነጥፍ ምንጭ አድርጎ ያስብና በአሥረኛው ዓመት ይደነግጣል።

2. የቦታውን የዓመት አማካይ ሙቀት እወቅ። የወቅቶች ሙቀትና ብርድ ወደ መሬት ሲገባ በፍጥነት ይሞታል፤ 10 ሜትር ላይ ስትደርስ ከላይ ያለው መዋዠቅ የሚቀረው ከመቶ አምስት እጅ እንኳን አይሞላም። ከዚያ በታች መሬቱ ብርድና ሙቀት ሳይለይ ከቦታው የዓመት አማካይ አየር ጋር ተቀራርቦ ይኖራል፤ ወደ ጥልቀት ስትሄድ ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይጨምራል። አንተ የምትማርበት ስቲልዋተር ውስጥ 17 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስቶክሆልም 8 ገደማ።

አንድ ነገር ልብ በል። የአዲስ አበባ አየር የዓመት አማካይም ከስቲልዋተር ብዙ አይርቅም። ሆኖም ስቲልዋተር በጥር ውሃ በረዶ ይሆናል፣ በሐምሌ ቴርሞሜትሩ ከ35 ያልፋል፤ 17 ዲግሪ የሆነው መሬት በሁለቱም ጊዜ መድኃኒት ነው። አዲስ አበባ ግን አየሩ ራሱ ዓመቱን ሙሉ መሬቱን ይመስላል። ስለዚህ «ተምሬ ስመለስ በየቪላው ጉድጓድ አስቆፍራለሁ» ስትል ሰምቼ ዝም ያልኩት ላለማሳዘን ነበር፤ አሁን ግን እነግርሃለሁ። ጉድጓድ ውስጥ በተዘረጋ ቧንቧ ከመሬት ሙቀት የሚስበው ሂት ፓምፕ የሚያዋጣው ወቅቶች በሚጣሉበት አገር ነው። ሰመራ ብትወስደው ደግሞ መሬቱ ራሱ ሞቃት ነው፤ የቤትን ሙቀት ሞቆ ለሚጠብቅህ አለት ማስረከብ ከባድ ነው። ዕውቀቱ ግን አይባክንም። ሙቀት በአለት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ለአሉቶም፣ ለውሃ ቁፋሮም፣ ለምግብ ማከማቻም ይፈለጋል።

3. ሂሳቡን በእጅህ ሥራ፤ ሶፍትዌሩን ቆይተህ ክፈት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ትምህርት ሥር ሎርድ ኬልቪን በ19ኛው መቶ ዘመን የተወው ቀላል ሐሳብ ነው፦ ማለቂያ በሌለው አለት ውስጥ ቀጭን መስመር ሙቀት ቢለቅ ዙሪያው በጊዜ ብዛት እንዴት ይሞቃል? ኢንገርሶልና ባልደረቦቹ በ1940ዎቹ መጨረሻ ያንኑ ወስደው መሬት ውስጥ ለተቀበረ ቧንቧ አዋሉት። ከዚያ ስዊድን ውስጥ፣ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤስኪልሰን በ1987 የዶክትሬት ሥራው ላይ ጉድጓድ ጫፍ እንዳለው፣ ጎረቤት ጉድጓዶችም እርስ በርሳቸው እንደሚነካኩ አስገብቶ አሰላው። ዛሬ በየቢሮው የሚከፈቱት ፕሮግራሞች በብዛት የቆሙት በእርሱ ስሌት ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ወረቀት ይዘህ ተቀመጥና አንዲቷን ጉድጓድ ከኬልቪን ተነስተህ አስላ። የአለቱን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በግማሽ ብትሳሳት ውጤቱ ምን ያህል እንደሚዛባ ራስህ እየው። ይህን ያደረገ ልጅ ፕሮግራሙ የማይረባ ቁጥር ሲያወጣለት ይነቃል። ያላደረገው አትሞ ለደንበኛ ይሰጣል። ሁለቱንም ዓይነት አይቻለሁ።

4. በመጀመሪያው ዓመት ውጤት አትፍረድ። ከምነግርህ ሁሉ ይህኛው ይከብዳል፤ ወጣት ሰው ጊዜ ረጅም መሆኑን በቃል ያውቃል እንጂ አልኖረበትም። በኤስኪልሰን ስሌት መሠረት አንዲት ጉድጓድ ከዙሪያዋ ጋር ተስማምታ የምትረጋበትን ጊዜ ለማግኘት ጥልቀቷን በራሱ ታባዛለህ፣ ከዚያ አለቱ ሙቀት ለሚያሰራጭበት ፍጥነት 9 እጥፍ ታካፍላለህ። አለቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ካሬ ሜትር የሚያሰራጭ የተለመደ ዓይነት ከሆነ፣ ለ100 ሜትር ጉድጓድ የሚወጣው መልስ 35 ዓመት ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል።

35 ዓመት ማለት ንድፉን የሳለው መሐንዲስ ጡረታ ወጥቶ፣ ሕንፃውን ያሠራው ሰው ለልጁ አውርሶ፣ መሬቱ ገና እየቀዘቀዘ ወይም እየሞቀ ነው ማለት ነው። ባለቤት ደውሎ «የመጀመሪያውን ክረምት በሰላም አለፍን፣ ተሳክቷል» ሲልህ አብረህ አትጨፍር። የመጀመሪያውን ክረምት አብዛኛው ጉድጓድ ያልፋል። አንተ ሒሳብህን ለ20ኛውና ለ25ኛው ዓመት ሥራ፤ ከጉድጓድ የሚመለሰው ውሃ በዚያን ዓመት በከፋው ቀን ስንት ዲግሪ ይሆናል? ንድፍ ማለት የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

5. የወሰድከውን መልስ። ቤቱ በብርዱ ወራት ከመሬት የሚስበውና በሙቀቱ ወራት ወደ መሬት የሚመልሰው ከተቀራረበ መሬቱ ዕድሜህን ሙሉ ያገለግልሃል። ካልተቀራረበ የመሬቱ ሙቀት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሸሻል። ስዊድን ውስጥ ቤቱ ማሞቂያ ብቻ ስለሚፈልግ አለቱ ይቀዘቅዛል፤ የቤቱ ጉድጓድ አንድ ብቻውን ሲሆን ከዙሪያው እየተሞላ ይችለዋል፣ ጎረቤት ሁሉ ሲቆፍር ግን ይከብዳል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያለ ትምህርት ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሕፃናቱ፣ መብራቱ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ሙቀት ይለቃል፤ ሕንፃው አብዛኛውን ዓመት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ መሬቱም ሳይታወቅ ይሞቃል። አንድ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ገብቼ የጉድጓዱን ውሃ ስለካ ከንድፉ በብዙ ዲግሪ ልቆ አገኘሁት። ጉድጓዱ አልተበላሸም፣ ፓምፑም ደህና ነበር። ንድፉን የሠራው ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነበር ያሰላው። መፍትሔው አስቀድሞ ቢታሰብ ቀላል ነበር፦ ትርፉን ሙቀት የሚወስድ አነስ ያለ ማቀዝቀዣ ማማ መጨመር፣ ወይም ሙቀቱን ለሙቅ ውሃ ማዋል። ለብርድ አገር ደግሞ በበጋ የፀሐይ ፓነል ሙቀትን ወደ ጉድጓዱ መመለስ ይቻላል።

6. ጉድጓዱን ከማሰብህ በፊት ቤቱን እየው። ቁፋሮ የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ነው። ጣሪያው በደንብ ካልተሸፈነ፣ በመስኮቱ ነፋስ የሚገባ ከሆነ፣ ለዚያ ቀዳዳ ስትል አንድ ተጨማሪ ጉድጓድ ታስቆፍራለህ ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን። መጀመሪያ ሸፍን፣ ከዚያ ለካ፣ ከዚያ ቆፍር።

በዚሁ ላይ የሙቀት ፍላጎቱን መጠን ብቻ ሳይሆን መልኩንም እየው። ሚኒሶታ ያሉ ወገኖቻችን አሮጌ ሕንፃ ገዝተው ቤተ ክርስቲያን ሲያደርጉ የግንባታ ኮሚቴው ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ ይጠይቃል፦ «በከርሰ ምድር ብናሞቀው ይሻላል ወይ?» እኔ የምመልሰው በጥያቄ ነው። ሕንፃው በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል? ለእሑድ ቅዳሴ ብቻ ከሆነ በዚያ ጠዋት ብዙ ኪሎዋት ያስፈልጋል፣ በቀሩት ቀናት ግን ምንም ማለት ይቻላል። ጉድጓዱ የሚቆፈረው ለከፍተኛው ሰዓት ነው፣ ገንዘቡን የሚመልሰው ግን በሠራበት ሰዓት ብዛት ነው። ለእንዲህ ያለ ሕንፃ የጋዝ ማሞቂያው ይቆይ ብዬ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። የሰንበት ትምህርት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የአረጋውያን መዋያ ካለው ግን መልሴ ይለወጣል። ለወገንህ ስትመክር ሙያህን አትሽጥለት፤ የሚጠቅመውን ንገረው።

7. ከቆፋሪው ጎን ቁም። ቢሮ ውስጥ ያለው የጂኦሎጂ ካርታ የአካባቢውን ነው የሚነግርህ፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው አፈርና ድንጋይ የቦታውን ነው። ግራናይት በሜትር በዲግሪ 3 ዋት ገደማ ያስተላልፋል። ውሃ የጠጣ አሸዋ 2 አካባቢ ነው። ያው አሸዋ ሲደርቅ ከግማሽ ዋት በታች ይወርዳል፤ ምክንያቱም በቅንጣቶቹ መሃል ውሃ የነበረበት ቦታ አየር ገብቷል፣ አየር ደግሞ ሙቀት እንደ ውሃ አያስተላልፍም። እንግዲህ የከርሰ ምድር ውሃ ስንት ሜትር ላይ እንደሚጀምር አለማወቅ የሥራህን ግማሽ አለማወቅ ነው። ቆፋሪው «እዚህ ላይ ለሰለሰ፣ እዚህ ላይ ውሃ መጣ» ሲል ሜትሩን ጻፍ። ዲግሪ የለውም ብለህ አትናቀው፤ በመሣሪያው ንዝረት የሚያውቀውን አንተ በመጽሐፍ አታገኘውም። ቡና ይዘህለት ሂድ።

8. ያልታወቀ አለት ላይ አትድፈር። የስታውፈንን ታሪክ እንደ ጸሎት በቃልህ ያዘው። ስታውፈን በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ፍራይቡርግ አጠገብ ያለች ጥንታዊት ትንሽ ከተማ ናት። በ2007 የከተማዋን ማዘጋጃ ቤት በከርሰ ምድር ሙቀት ለማሞቅ 140 ሜትር የሚደርሱ 7 ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ዓላማው መልካም ነበር። ከሥር ግን አንሃይድራይት የሚባል ደረቅ ማዕድን ያለበት ድርብርብ ነበረ፤ ከእርሱም በታች በግፊት የታመቀ ውሃ። ቁፋሮው ሁለቱን አገናኛቸው። አንሃይድራይት ውሃ ሲያገኝ ወደ ጂፕሰም ይለወጣል፣ ሲለወጥም መጠኑ በ60 ከመቶ ገደማ ያብጣል። ከተማዋ ከሥሯ ተነሳች። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በየወሩ ወደ አንድ ሴንቲሜትር እየተነሳች ከ250 በላይ ቤቶች ተሰነጠቁ፤ ለዘመናት የቆሙ ግድግዳዎች ላይ ሰው እጁን የሚያስገባበት ስንጥቅ ወጣ። ለማስታገስ ጉድጓዶቹን ግራውት በሚባለው የጉድጓድ መሙያ ውህድ እንደገና መሙላትና ውሃውን ያለማቋረጥ በፓምፕ ማውጣት ግድ ሆነ።

ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በሰላም ይሠራሉ። ግን ማሞቂያ ሊያስገቡ ሄደው የሰው ቤት የሰነጠቁት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አንሃይድራይት፣ ጨው ወይም በግፊት የታመቀ ውሃ ሊኖር የሚችልበት ቦታ ላይ ጂኦሎጂስት ሳይፈርም መሣሪያ እንዳይነሳ አድርግ። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ። የሰው ደጅ ስትነካ እጅህ ይንቀጥቀጥ።

9. የመሬቱን ፈተና አታቻኩል። መሬቱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙን በትክክል የሚነግርህ ራሱ ሲጠየቅ ነው። አንድ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍረህ፣ ቧንቧውን አስገብተህ፣ በውስጡ የሚዞረውን ውሃ በታወቀ ኃይል ታሞቃለህ፤ ከዚያ የውሃው ሙቀት እንዴት እንደሚጨምር ትመዘግባለህ። ሐሳቡን ሞገንሰን በ1983 ስቶክሆልም ላይ አቀረበው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስዊድን ውስጥ ሉሌኦ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ያንተው ኦክላሆማ ስቴት በተሽከርካሪ የሚጎተት መሣሪያ ሠሩለት። እንግዲህ የምትማርበት ግቢ የዚህ ፈተና አንዱ የትውልድ ቦታ ስለሆነ በደንብ ሳትሠራው ብትመለስ እኔም አፍርብሃለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግራውት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 5 ቀን ጠብቅ፤ ቁፋሮውና ሲሚንቶው ያመጡት ሙቀት ይውጣ። ማሞቂያውን ከማብራትህ በፊት ያልተነካውን የመሬት ሙቀት ለካ፤ ከበራ በኋላ ይህ ቁጥር አይገኝም። ከዚያ በአንድ ሜትር ከ50 እስከ 80 ዋት እየሰጠህ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ሳታቋርጥ አሂደው። ጄኔሬተሩ ከተዋዠቀ መረጃው ይዋዠቃል። የመጀመሪያዎቹን 8 ሰዓታት ያህል ከስሌት አውጣቸው፤ በዚያን ጊዜ የምታየው የጉድጓዱን ሆድ እንጂ መሬቱን አይደለም። የቀረውን ሙቀት ከጊዜው ናቹራል ሎጋሪዝም ጋር ስትስለው ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። የሰጠኸውን ኃይል ለ4፣ ለፓይ፣ ለጉድጓዱ ጥልቀትና ለመስመሩ ስሎፕ ብዜት አካፍል። 100 ሜትር ጉድጓድ፣ 6,000 ዋት፣ ስሎፑ 1.9 ከሆነ መልሱ 2.5 ዋት በሜትር በዲግሪ ነው። በቃ፣ ያን ያህል ቀላል ነው። ከባዱ መታገሡ ነው። «ሌሊቱ በረደን፣ 20 ሰዓት ይበቃል» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል በለውና ብርድ ልብስህን ይዘህ መኪናው ውስጥ ተኛ።

10. በመሬቱና በውሃው መሃል ያለውን አትርሳ። ተማሪ ሁሉ ስለ አለቱ ይጨነቃል፤ ከአለቱ እስከ ውሃው ያለችውን ጥቂት ሴንቲሜትር ይረሳል። እዚያ ውስጥ ግራውቱ አለ፣ የፖሊኢቲሊኑ ቧንቧ አለ። ቧንቧው ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 0.4 ብቻ ነው፣ ከቤንቶናይት ሸክላ የተሠራ ተራ ግራውት 0.7 ገደማ፤ ንጹህ የሲሊካ አሸዋ ወይም ግራፋይት ሲጨመርበት እስከ 2 ሊደርስ ይችላል። የጉድጓዱ ጠቅላላ የሙቀት ተቃውሞ 0.1 ሆኖ በሜትር 40 ዋት ብትስብ 4 ዲግሪ ታጣለህ። ተቃውሞው 0.2 ከሆነ 8 ዲግሪ። ያቺ ዲግሪ በየቀኑ በመብራት ሒሳብ ትከፈላለች። የወራጁና የተመላሹ ቧንቧ እግሮች ተጣብቀው እንዳይቀመጡ መሃላቸው መለያ አድርግ፤ ካልሆነ አንዱ የያዘውን ሙቀት ለሌላው ይሰጠዋል።

ስዊድኖች በጠንካራ አለት ውስጥ ጉድጓዱን በግራውት አይሞሉትም፤ የከርሰ ምድር ውሃ እንዲሞላው ይተዉታል፣ ውሃውም እየተንቀሳቀሰ ሙቀት በደንብ ያደርሳል። አሜሪካ ግን አብዛኛው ቦታ ሕጉ እንዲሞላ ያዛል፣ ምክንያቱም ባዶ ጉድጓድ የላይኛውን ቆሻሻ ወደሚጠጣው ውሃ ይዞት ይወርዳል። የአገሩን ሕግ አክብር። ግራውቱንም ከላይ አታፍስስ፤ እስከ ታች በሚደርስ ቱቦ ከሥር ወደ ላይ ይሞላ፣ አየር ክፍተት እንዳይቀር።

11. ጉድጓዶቹን አታቀራርብ። ብዙ ጉድጓድ ሲሆን ቢያንስ 6 ሜትር ይራራቁ። ቦታ ጠቦህ 3 ሜትር ላይ ብትደረድራቸው በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ልዩነቱን አታይም፤ ለምን እንደማታይ 4ኛው ላይ ነግሬሃለሁ።

12. ውሃው ሲሄድ ይገላበጥ። በቧንቧው ውስጥ ፈሳሹ ተረጋግቶ ከሄደ መሃል ያለው ግድግዳውን አይነካም፣ ሙቀትም በደንብ አይቀበልም። ፍሰቱ መገላበጡን የሚያመለክተው ሬይኖልድስ ቁጥር በከፋው ቀን፣ በቀዝቃዛው ፈሳሽ፣ ከ2,300 በላይ መሆኑን አረጋግጥ። ግላይኮል ሲጨመር ፈሳሹ ይወፍራል፤ ስለዚህ በረዶ እንዳይሆን ከሚበቃው በላይ አትጨምር። የስዊድን ሰዎች በዚህ ፈንታ ኤታኖል ይጠቀማሉ። በሌላ በኩል ፍጥነቱን አብዝተህ ትልቅ ፓምፕ አትግጠም፤ ከመሬት ያተረፍከውን በፓምፑ መብራት ትመልሰዋለህ።

13. ከመቅበርህ በፊት ፈትን። የመሬት ውስጥ መገጣጠሚያ ሁሉ በሙቀት የተበየደ ይሁን፤ በብሎን የታሰረ ነገር አትቅበር። በግፊት ፈትን፣ አየሩንና አሸዋውን አጥበህ አውጣ፣ ከዚያ አፈር መልስ።

14. ከመሬት ያገኘኸውን ሙቀት በሩቅ ቦታ አትሽጠው። ሂት ፓምፕ የሚደክመው በሚወስደውና በሚያቀርበው ሙቀት መካከል ባለው ርቀት ነው። ከመሬት በ0 ዲግሪ ወስዶ ወለል ውስጥ ለተዘረጋ ቧንቧ 35 ዲግሪ ቢያቀርብ፣ በተፈጥሮ ሕግ የሚፈቀድለት ጣሪያ ለአንድ ኪሎዋት መብራት 8.8 ኪሎዋት ሙቀት ነው። ለአሮጌ ራዲያተር 55 ዲግሪ ስጠኝ ካልከው ጣሪያው ወደ 6 ይወርዳል። እውነተኛ ማሽን የዚህን ግማሽ ገደማ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ጉድጓዱን አሳምረህ ቆፍረህ ቤቱ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ራዲያተር እንዳለ ብትተወው የደከምክበትን ራስህ አፈሰስከው።

15. ይህን ነገር ትናንት የመጣ አድርገህ አታውራ። ሽማግሌዎች ፊት ያሳፍርሃል። ዞሊ የተባለ ሰው ከመሬት ሙቀት መሳብን በ1912 ስዊዘርላንድ ውስጥ ፓተንት አውጥቶበታል። ፖርትላንድ ኦሪገን ያለው ኮመንዌልዝ ሕንፃ በ1948 ከጉድጓድ ውሃ ጋር በሚሠራ ሂት ፓምፕ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ነበር። አዲሱ ነገር ስፋቱ ነው። ኢንዲያና ውስጥ ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ጀምሮ 3,600 ያህል ጉድጓድ አስቆፍሮ በከሰል ይሠሩ የነበሩትን ማሞቂያዎቹን አሳረፈ። ማሳቹሴትስ፣ ፍራሚንግሃም ውስጥ ደግሞ በ2024 የጋዝ ኩባንያ ራሱ የአንድ ሰፈርን ቤቶች በአንድ የመሬት ውሃ መስመር አገናኝቶ ሥራ አስጀመረ። አንዱ ቤት የጣለውን ሙቀት ሌላው ያነሳዋል። ጎበዝ ተማሪ ከሆንክ የቴሲስህን ርዕስ እዚህ ውስጥ ፈልግ፤ አንድ ጉድጓድ ብቻውን እንዴት እንደሚሠራ የታወቀ ነው፣ ሰፈር እንዴት አብሮ እንደሚበደርና እንደሚከፍል ግን ገና ብዙ ሥራ አለበት።

16. ከጨረስክ በኋላ መለካትህን አታቁም። ጉድጓዱ ውስጥ ከቧንቧው ጋር ቴርሞሜትር አውርድ፤ ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ዋጋው ምንም ነው። ወደ መሬት የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ሙቀት፣ ፍሰቱንና የፓምፑን መብራት መዝግብ። የዚህ ሙያ ድህነት ቁፋሮ አይደለም፣ የረጅም ጊዜ መዝገብ ነው። 20 ዓመት የተለካ ጉድጓድ እንደ ብርቅ ይታያል።

አፈሩ ከመመለሱ በፊትም የእያንዳንዱን ጉድጓድ ቦታ ከሕንፃው ሁለት ጥጎች በሜትር ለካና በካርታ ላይ አስፍር፣ ጥልቀቱን ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ፣ መፈለጊያ ሽቦ አብረህ ቅበር። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ለአጥር ምሰሶ ወይም ለኢንተርኔት መስመር ሲቆፍር የት እንዳለ ማንም አያስታውስም። የካርታውን ቅጂ ለባለቤቱ ስጥ፣ አንዱን ለጥገና ክፍሉ፣ አንዱን ራስህ ጋ አስቀምጥ። የመጀመሪያውን የሙከራ ጉድጓድ መረጃ ስታገኝ ሳታስተካክል፣ የመጀመሪያዎቹን 8 ሰዓታት ሳትቆርጥ እንዳለ ላክልኝ፤ መስመሩን አብረን እንሥለዋለን።